ጆርጅ ኤለሪ ሄል
ጆርጅ ኤለሪ ሄል (ጁን 29 ቀን 1868 – ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1938 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ነበር። በፀሐይ ገጽ ላይ የሚታዩት ጥቁር ነጠብጣቦች ኃይለኛ መግነጢሳዊ መስክ እንዳላቸው በማረጋገጡ ይታወቃል። ከምድር ውጭ መግነጢሳዊ መስክ ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት
ሄል በቺካጎ ተወለደ። አባቱ በአሳንሰር ሥራ ሀብት ያፈራ ሰው ስለነበር ለልጁ የምርምር መሣሪያ ይገዛለት ነበር። ሄል በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪ ሳለ ፀሐይን በአንድ የብርሃን ቀለም ብቻ ፎቶ የሚያነሣ መሣሪያ አሰበ፤ ስሙም ስፔክትሮሄሊዮግራፍ ነው። በ1890 ተመረቀ። በ1904 በካሊፎርኒያ የማውንት ዊልሰንን የሥነ ፈለክ ጣቢያ አቋቋመ።

የ1908 ግኝት
በነጠብጣቦቹ ዙሪያ አዙሪት የሚመስል ቅርጽ በፎቶ ሲታይ፣ ሄል በዚያ መግነጢስ ሳይኖር እንደማይቀር ጠረጠረ። ሆላንዳዊው ፒተር ዜማን በ1896 ብርሃን የሚሰጥ ጋዝ በመግነጢስ መካከል ሲቀመጥ የኅብረ ቀለሙ መስመሮች እንደሚሰነጠቁ አሳይቶ ነበር። ሄል ይህንኑ መሰንጠቅ ከነጠብጣቦቹ በሚመጣው ብርሃን ውስጥ አገኘው። መስኩ 3000 ጋውስ ያህል ነበር፤ የምድር መስክ ግን ወደ ግማሽ ጋውስ ብቻ ነው።

የዋልታዎች ሥርዓት
ነጠብጣቦች ብዙውን ጊዜ ጥንድ ሆነው ይወጣሉ፤ አንዱ የሰሜን፣ ሌላው የደቡብ ዋልታ ነው። ሄልና ባልደረቦቹ በ1919 እንዳሳተሙት፣ የዋልታዎቹ ቅደም ተከተል በፀሐይ ሰሜናዊና ደቡባዊ ክፍል ተቃራኒ ነው፤ በየ11 ዓመቱ ገደማም ይገለበጣል። ሙሉው ዑደት ስለዚህ 22 ዓመት ይሆናል። ቡድኖቹንም እንደ ዋልታዎቻቸው አቀማመጥ አልፋ፣ ቤታና ጋማ ብለው ከፈሏቸው።

ፍንዳታና መግነጢሳዊ ማዕበል
ሄል በ1923 በጤና መታወክ ኃላፊነቱን ለቀቀ፤ ምርምሩን ግን አልተወም። የፀሐይን ፍንዳታ በዓይን ለማየት የሚያስችል ስፔክትሮሄሊዮስኮፕ ሠርቶ በተለያዩ አገሮች እንዲሠራጭ አደረገ። በ1931 ባወጣው ጥናት ታላላቅ ፍንዳታዎችን ተከትሎ፣ ከአንድ ቀን ገደማ በኋላ፣ በምድር ላይ መግነጢሳዊ ማዕበል እንደሚነሣ አመለከተ። ዛሬ እንደሚታወቀው፣ የተጠማዘዙ የመስክ መስመሮች ኃይል ያጠራቅማሉ፤ ተበጥሰው እንደገና ሲገናኙ ያ ኃይል በድንገት ይለቀቃል። ተቃራኒ ዋልታዎች ተቀራርበው የተደባለቁባቸው ቡድኖች ይበልጥ አደገኛ ናቸው። ማዕበሉ የሬዲዮ ግንኙነትንና የኤሌክትሪክ መስመርን ሊያውክ ይችላል። በኢትዮጵያም በአዲስ አበባ፣ ከመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አጠገብ፣ ከ1958 ጀምሮ የምድር መግነጢስ ለውጥ የሚመዘግብ ጣቢያ አለ።

ስሕተትና ቅርስ
ሄል ፀሐይ በጠቅላላው 50 ጋውስ ያህል መስክ አላት ብሎ ነበር፤ በ1950ዎቹ የተሻሉ መሣሪያዎች ሲለኩት ግን ወደ 1 ጋውስ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የነጠብጣቦቹ ልኬትና የዋልታዎቹ ሥርዓት ግን ጸንተው ቆይተዋል። በ1928 ገንዘብ ያስገኘለት የፓሎማር ባለ 5 ሜትር ቴሌስኮፕ እርሱ ከሞተ ከ10 ዓመት በኋላ ተመርቆ በስሙ ተሰየመ።