የነጎድጓድ ደመናን በቁጥር ሊለካ የተነሣው ሪችማን

እ.ኤ.አ. በ1711 ዛሬ በኢስቶኒያ በምትገኘው የፐርኑ ከተማ የተወለደው ጌኦርግ ቪልሄልም ሪችማን፣ በሴንት ፒተርስበርግ የሳይንስ አካዳሚ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ነበር። የዘመኑ ሊቃውንት ከደመና ብልጭታ መሳብ በመቻሉ ሲደነቁ፣ እርሱ የሻው መጠኑን በቁጥር ማወቅ ነው። በቤቱ ጣሪያ ላይ የብረት ዘንግ አቁሞ ሽቦውን ወደ ክፍሉ አስገባ፤ በጫፉም ከቆመ ብረት ጎን ክር አንጠለጠለ። ደመናው በኤሌክትሪክ ሲሞላ ክሩ ከብረቱ ይሸሻል፤ ሪችማንም የሸሸበትን ማዕዘን በዲግሪ ከተከፈለ መለኪያ ላይ ያነባል። ክሩ እንዲሸሽ ግን ኤሌክትሪኩ በብረቱ ላይ መቆየት ነበረበት፤ ስለዚህ ዘንጉ ከመሬት ጋር አልተያያዘም። አደጋው ከመሣሪያው ጋር አብሮ የተሠራ ነበር ማለት ይቻላል።

ኦገስት 6 ቀን 1753 ነጎድጓድ ሲሰማ ከአካዳሚው ስብሰባ ወጥቶ፣ ሥዕል ቀራጩን ኢቫን ሶኮሎቭን አስከትሎ ወደ ቤቱ ገሠገሠ። ወደ መለኪያው ቀረብ ባለ ጊዜ ከዘንጉ የተወረወረ ሰማያዊ እሳት ግንባሩን መታው፤ እዚያው ሞተ። ሶኮሎቭ ወደቀ እንጂ ሕይወቱ ተረፈ።

በዚያው ሰዓት በራሱ ቤት ተመሳሳይ ሙከራ ያደርግ የነበረው ወዳጁ ሚኻይል ሎሞኖሶቭ፣ ለሹማምንቱ አንዱ ለሹቫሎቭ ደብዳቤ ጻፈ። የለመነውም የሟቹ ሚስትና ልጆች መተዳደሪያ እንዳያጡ፣ ሞቱም በሳይንስ ላይ ክስ እንዳይሆን ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ሁለቱ ሊናገሩበት በታሰበው ጉባኤ፣ ሎሞኖሶቭ ያለ ሪችማን ቆሞ ስለ አየር ኤሌክትሪክ ተናገረ።