ዕድሜው ያለፈበት አብራሪ

ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱ ዕድሜ አለው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። በልጅነት ከብት መጠበቅ፣ በጉልምስና ማረስ፣ በሽምግልና መምከርና ማስታረቅ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ሥርዓት ነው። በጦር ሠራዊት ዘንድ ደግሞ ይህ ሥርዓት በልማድ ብቻ የሚሠራበት ሳይሆን በደንብ ተጽፎ የተቀመጠ ነው። በተለይም የጦር አውሮፕላን የሚያበረው ሰው ጤናው የተሟላ፣ ዓይኑ የነቃ፣ እጁም የፈጠነ መሆን ስለሚገባው የዕድሜው ገደብ ጥብቅ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምታነቡት ግን ገደቡን ስምንት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፣ በ43 ዓመት ዕድሜው፣ በዘመኑ እጅግ ፈጣን ከነበሩት አውሮፕላኖች አንዱን ስላበረረ ፈረንሳዊ ደራሲ ነው። እያነበባችሁ ሳላችሁ አንድ ጥያቄ አስቡ፤ ትክክለኛው ማን ነበር? ደንቡ ወይስ ሰውየው? በታሪኩ ውስጥ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውንም ልብ በሉ።

አንቷን ደ ሴንት ኤግዙፔሪ ጁን 29 ቀን 1900 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ ተወለደ። ለወላጆቹ ከአምስት ልጆች ሦስተኛው ነበር። አራት ዓመት ሳይሞላው አባቱ ስለሞተ እናቱ ማሪ አምስቱንም ልጆች ያለ አባት አሳደገች። ቤተሰቡ የዕረፍት ጊዜውን ያሳልፍ የነበረው አምቤሪዩ ከተባለው የአውሮፕላን ማረፊያ ብዙ በማይርቅ ስፍራ ነበርና ልጁ ወደዚያ እየሄደ አውሮፕላኖቹን መመልከትና መካኒኮቹን በጥያቄ ማስቸገር ያዘወትር ነበር። በ1912 ዓ.ም.፣ ገና የ12 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በአውሮፕላን ተሳፈረ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልቡ ከሰማይ አልተለየም።

ይሁን እንጂ መንገዱ ቀና አልሆነለትም። ወደ ባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ለመግባት ተፈትኖ ወደቀ። በ1921 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ በስትራስቡርግ ወደሚገኝ የአየር ክፍለ ጦር በተመደበ ጊዜም ሥራው በምድር ላይ እንጂ በአየር ላይ አልነበረም። እርሱ ግን በምድር ሆኖ ሌሎች ሲበሩ ማየት ስላልበቃው፣ ከእናቱ ባገኘው ገንዘብ አስተማሪ ቀጥሮ በግሉ ማብረር ተማረ። ቀጥሎም ወደ ሞሮኮ ተዛውሮ የወታደራዊ አብራሪነት ፈቃድ ተቀበለ። በ1922 ዓ.ም. የተጠባባቂ ጦር ምክትል መቶ አለቃ ሆነ። ተጠባባቂ ማለት የአገልግሎት ጊዜውን ፈጽሞ ወደ ሲቪል ኑሮው የሚመለስ፣ ነገር ግን አገሩ ችግር ላይ በወደቀች ጊዜ ሥራውን ትቶ የሚመጣ ሰው ማለት ነው። ይህን ግዴታ ወጣቱ አንቷን እንደ ቀላል ነገር አልቆጠረውም። ኋላ እንደምታዩት እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ድረስ አብሮት ኖሯል።

በ1923 ዓ.ም. ፓሪስ አጠገብ በሚገኘው በለ ቡርዤ አውሮፕላኑ ወድቆ የራስ ቅሉ ተሰነጠቀ። ከሠራዊቱ ከወጣ በኋላም በአንድ የጣሪያ ሸክላ ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ በጸሐፊነት፣ ቀጥሎም በጭነት መኪና ሻጭነት ሠራ። በሁለቱም ሥራዎች አልተደሰተም። በ1926 ዓ.ም. ግን ከፈረንሳይ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ደብዳቤ በአውሮፕላን ያመላልስ በነበረው ኩባንያ ተቀጠረ። በዚያን ጊዜ የነበሩት አውሮፕላኖች ሞተራቸው የማይታመን፣ የአብራሪው መቀመጫም ለነፋስና ለዝናብ የተጋለጠ ስለ ነበረ፣ ደብዳቤ ማድረስ ራሱ ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥል ሥራ ነበር። በ1927 ዓ.ም. በሰሐራ ዳርቻ በኬፕ ጁቢ የጣቢያ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። በዚያም አውሮፕላናቸው በበረሃ የወደቀባቸውን ጓደኞቹን ይፈልግ፣ ከአካባቢው ዘላኖች ጋር እየተደራደረም የተያዙትን ያስለቅቅ ነበር። ሌሊት ሌሊት ደግሞ በዚያ ጭር ባለ ስፍራ ተቀምጦ ይጽፍ ጀመር። በ1931 ዓ.ም. ያሳተመው «የሌሊት በረራ» የተባለው መጽሐፉ በአገሩ የታወቀ ሽልማት አስገኘለት።

ከዚህ በኋላ ሁለት ከባድ አደጋዎች ደረሱበት። በ1935 ዓ.ም. መጨረሻ ከፓሪስ ወደ ሳይጎን በፍጥነት ለመድረስ ሲበር አውሮፕላኑ በግብፅ በረሃ ተከሰከሰ። እርሱና መካኒኩ ለቀናት በውኃ ጥም ተቃጥለው ሊሞቱ ሲቃረቡ፣ በግመል ሲያልፍ የነበረ አንድ ዘላን አገኛቸውና አዳናቸው። በ1938 ዓ.ም. ደግሞ በጓቴማላ ከመሬት ሊነሣ ሲንደረደር የነበረው አውሮፕላን ነዳጅ በዝቶበት ስለ ነበር ወድቆ ተሰባበረ። ሴንት ኤግዙፔሪ ከሞት ቢተርፍም ብዙ አጥንቱ ተሰበረ። ከዚያን ቀን ወዲህ ክንዱን እንደ ልብ ወደ ላይ ማንሣት አልቻለም። ይህን ጉዳት አትርሱ፤ በኋላ ታሪኩን ለመረዳት ያስፈልጋችኋልና።

በሴፕቴምበር 1939 ዓ.ም. ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ሴንት ኤግዙፔሪ የ39 ዓመት ሰውና በመላው ዓለም የታወቀ ደራሲ ነበር። የተጠባባቂ ጦር ሻምበል በመሆኑ ወደ ቱሉዝ ተጠራ። ሐኪሞቹ ግን መርምረው ለጦር ሜዳ በረራ አይሆንም ሲሉ ፈረዱበት፤ አለቆቹም ሌሎችን እንዲያስተምር ፈለጉ። ስለ እርሱ የሚያስቡ ወዳጆቹም እንደርሱ ያለ ደራሲ በብዕሩ ቢያገለግል ይሻላል ይሉ ነበር። ምክራቸው መልካም አልነበረም ማለት አይቻልም። እርሱ ግን በጄ አላለም። የሚያውቃቸውን ባለ ሥልጣኖች ሁሉ ደጅ ጠንቶ በመጨረሻ ሁለት ሠላሳ ሦስት በሚል ቁጥር በሚጠራው የአየር ቅኝት ቡድን ውስጥ ተመደበ። የቅኝት አብራሪ ሥራ ቦምብ መጣል ወይም መተኮስ ሳይሆን በጠላት ይዞታ ላይ በርሮ የጦሩን አቀማመጥ ፎቶግራፍ አንሥቶ መመለስ ነው። በሜይና በጁን 1940 ዓ.ም. የጀርመን ጦር ፈረንሳይን ባጥለቀለቀ ጊዜ ከቡድኑ 23 የበረራ ጓዶች መካከል 17ቱ ጠፉ። ሴንት ኤግዙፔሪ በሜይ 23 ቀን በምትቃጠለው በአራስ ከተማ ላይ ዝቅ ብሎ በጥይት ናዳ መካከል በርሮ ተመለሰ። ስለዚሁ ተግባሩም የጦር ሜዳ ኒሻን ተሸለመ።

ፈረንሳይ ከተሸነፈች በኋላ ከሠራዊቱ ተሰናብቶ በ1940 ዓ.ም. የመጨረሻ ቀን ኒው ዮርክ ገባ። በአሜሪካ በቆየባቸው ከሁለት ዓመት በላይ በሆኑት ጊዜያት ስለ አራሱ በረራና ስለ አገሩ ሽንፈት አንድ መጽሐፍ ጻፈ። ሥዕሎቹንም ራሱ የሣለውን «ትንሹ ልዑል» የተባለውን ዝነኛ ታሪክ የጻፈው በዚያው ጊዜ ነው። መጽሐፉ በኤፕሪል 1943 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ታተመ። በዚያን ጊዜ ሴንት ኤግዙፔሪ የሚያነቡት ሰዎች፣ የሚያከብሩት ወዳጆችና የሚበቃው ገቢ ነበረው። ማንም ወደ ጦር ሜዳ አልጠራውም፤ በቤቱ ቢቀመጥም የሚወቅሰው አይኖርም ነበር። ነገር ግን በመጽሐፎቹ ሁሉ ሲያስተምር የኖረው ሰው ከሩቅ ሆኖ የሚመለከት ሳይሆን ሸክሙን ከሌሎች ጋር የሚካፈል መሆን እንደሚገባው ነው። አባቶቻችን «ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላሉ። ሴንት ኤግዙፔሪም የጻፈውን ትቶ መኖር የማይችል ሰው ነበር። ስለዚህ መጽሐፉ በወጣበት በዚያው ወር ከአሜሪካ ወታደሮች ጋር በመርከብ ተሳፍሮ ወደ ሰሜን አፍሪካ ተጓዘ።

የቀድሞ ቡድኑን በዚያ አገኘው። ቡድኑ በአሜሪካኖች አዛዥነት ሥር ሆኖ «ላይትኒንግ» ወይም «መብረቅ» የተባለውን አዲስ አውሮፕላን ይጠቀም ነበር። ይህ አውሮፕላን ሁለት ሞተሮች ሲኖሩት የሚያበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ለቅኝት የተሠራው ዓይነት ደግሞ በጠመንጃዎቹ ምትክ የፎቶግራፍ መሣሪያ የተገጠመለት ነበር። ስለዚህ አብራሪው ጠላት ቢመጣበት በፍጥነትና በከፍታ ከማምለጥ በቀር መከላከያ አልነበረውም። አሥር ሺህ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሚበርበት ጊዜ አየሩ ስለሚሳሳ በጭምብል ኦክሲጅን መሳብ ግድ ነው። ኦክሲጅኑ ቢቋረጥ አብራሪው ሳይታወቀው ራሱን ይስታል። የዕድሜው ገደብ የተደነገገው ሽማግሌን ለመናቅ ሳይሆን በዚህ ምክንያት መሆኑን ልትገነዘቡ ይገባል።

ሴንት ኤግዙፔሪ ገደቡን አልፏል። ያም ሆኖ በብዙ ልመና ፈቃድ አግኝቶ ከልጆቹ ከሚቆጠሩ ወጣቶች ጋር እንደ አዲስ ተማሪ ሥልጠና ጀመረ። በቀድሞ ጊዜ ያበራቸው አውሮፕላኖች ጥቂት መሣሪያዎች ብቻ የነበሯቸው ሲሆኑ፣ በአዲሱ ውስጥ ግን ዓይን የሚያደናግሩ ብዙ መሣሪያዎች ተደርድረው ጠበቁት። የበረራ ልብሱን ያለ ሰው እርዳታ መልበስ ያስቸግረው ነበር። በራዲዮ የሚሰጠው መመሪያ በእንግሊዝኛ ሲሆን የእርሱ እንግሊዝኛ ደካማ ነበር። ከሰባት ሳምንት ያህል ልምምድ በኋላ ግን በጁላይ 1943 ዓ.ም. ወደ ፈረንሳይ ሰማይ ለመብረር በቃ። ማዕረጉም ወደ ሻለቃነት ከፍ ብሎ ነበር።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ሁለተኛውን የጦር በረራ ጀምሮ ሲመለስ አውሮፕላኑ ከማረፊያው ሜዳ አልፎ ሄዶ ተጎዳ። የአሜሪካ አዛዦችም ዕድሜውን ጠቅሰው ከበረራ አገዱት። ስምንት ወር ያህል በአልጀርስ ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። እነዚያ ወራት ከቁስሉ ሁሉ ይልቅ ያመሙት ነበሩ። ነገር ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ ደብዳቤ መጻፍና አማላጅ መላክ ቀጠለ። በመጨረሻም በሜዲትራኒያን የቃል ኪዳኑ አገሮች የአየር ኃይል አዛዥ የነበሩት ጄኔራል አይራ ኢከር አምስት በረራ ብቻ ፈቀዱለት።

ሴንት ኤግዙፔሪ በሜይ 1944 ዓ.ም. ወደ ቡድኑ ተመልሶ በረራውን ጀመረ። አምስቱን ከፈጸመ በኋላም አላቆመም። አርባ አራተኛ ዓመቱን በያዘበት በጁን 29 ቀን አንደኛው ሞተር በአየር ላይ ተበላሽቶበት በጭንቅ ተመለሰ። ጓደኞቹ ለሕይወቱ ሰጉ። ስለዚህም አንድ ዘዴ አሰቡ። የጦሩን ምስጢር የሚያውቅ ሰው በጠላት እንዳይያዝ ሲባል በጠላት ምድር ላይ እንዲበር አይፈቀድም ነበር። እንግዲህ የቃል ኪዳኑ ጦር በደቡብ ፈረንሳይ የሚያርፍበትን ዕቅድ ቢነግሩት በረራው ሳይዋረድና ሳይለመን እንደሚቀር ተረድተው ይህንኑ ለማድረግ ወሰኑ። ዳሩ ግን ምስጢሩን ሳይሰማ ቀረ።

ጁላይ 31 ቀን 1944 ዓ.ም. ጧት ከኮርሲካ ደሴት ከቦርጎ የአውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ ወደ ግሬኖብልና ወደ አንሲ አካባቢ አቀና። የያዘው ነዳጅ የሚያቆየው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ድረስ ነበር። ሰዓቱ ደረሰ፤ አለፈም፤ አውሮፕላኑ ግን አልታየም። ከሁለት ሳምንት በኋላ የቃል ኪዳኑ ጦር በደቡብ ፈረንሳይ አረፈ። አንድ ወር ሳይሞላ ፓሪስ ነፃ ወጣች። ለዚያች ቀን የደከመው ሰው ግን አላያትም። «ትንሹ ልዑል»ም በአገሩ ታትሞ የወጣው ደራሲው በሌለበት በ1946 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በመቶ ወደሚቆጠሩ ቋንቋዎች ተተርጉሟል።

መጨረሻው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ምስጢር ሆኖ ኖረ። በ1998 ዓ.ም. አንድ ዓሣ አጥማጅ ከማርሴይ ከተማ ወዲያ ባለው ባሕር ስሙ የተቀረጸበት የብር አምባር በመረቡ አወጣ። በ2000 ዓ.ም. የአውሮፕላኑ ስብርባሪ በዚያው አካባቢ ከባሕር ወለል ላይ ተገኘ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በስብርባሪው ላይ በተገኘው መለያ ቁጥር የእርሱ አውሮፕላን መሆኑ ተረጋገጠ።

እንግዲህ ተማሪዎች፥ በመጀመሪያ ወደ ቀረበው ጥያቄ ተመለሱ። የዕድሜው ደንብ ከንቱ አልነበረም፤ የሴንት ኤግዙፔሪ አካልም በብዙ ነገር የደንቡን እውነተኛነት መስክሯል። ሰውየውም ደንቡን ዝናውን መከታ አድርጎ ሊያፈርሰው ቢሞክር ኖሮ ዛሬ በትዝብት እንጂ በአክብሮት ባልታወሰ ነበር። እርሱ የለመነው ሹመትን ወይም ዕረፍትን ሳይሆን ከባዱን ሥራ ነው። ለዚያም ከወጣቶች ጎን ተቀምጦ እንደ ገና መማርን አላፈረበትም። በዕድሜ የተዘጋ በር በፊታችሁ ባያችሁ ጊዜ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ በሩ የተዘጋው ስለ ምንድን ነው? እኔስ ልገባበት የምፈልገው ስለ ምን ነው? ሁለቱን ጥያቄዎች በቅንነት የሚመልስ ሰው የሚከፍለውን ዋጋ አውቆ ይከፍላል። ሴንት ኤግዙፔሪ ዋጋውን ያውቅ ነበር።