ፉኩዛዋ ዩኪቺ፦ የኬዮ ዩኒቨርሲቲ መሥራች

የጃፓን ሥልጣኔ በሀገራችን ጥናቶች ሲነሣ፣ የዓድዋው ተወላጅ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና የዘመኑ ምሁራን ያችን ሀገር በአርአያነት መመልከታቸው አብሮ ይወሳል። ትኩረታችን ግን በአብዛኛው በመንግሥቷ ሥራ ላይ ነው። ከመንግሥት ውጭ ለተሠራው ሥራ የፉኩዛዋ ዩኪቺ ሕይወት ጥሩ ማስረጃ ነው።

ፉኩዛዋ በ1835 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በኦሳካ ከዝቅተኛ የሳሙራይ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ የተማረ ሰው ቢሆንም የትውልድ ደረጃው አግዶት በሹመት ከፍ ሳይል፣ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሞተ፤ ፉኩዛዋም የትውልድ ማዕረግን ዕድሜውን ሙሉ ጠላ። በናጋሳኪና በኦሳካ የደች ቋንቋ ተምሮ፣ በ1858 በጌታው ትእዛዝ በኤዶ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ፣ ትንሽ ትምህርት ቤት ከፈተ። በዓመቱ የውጭ ነጋዴዎች ወደ ሰፈሩባት ዮኮሃማ ወርዶ ቋንቋው እንደማያግባባው ሲያይ፣ እንግሊዝኛን ከመጀመሪያው ጀመረ። እስከ 1867 ድረስ አሜሪካን ሁለት ጊዜ፣ አውሮፓን አንድ ጊዜ ጎበኘ።

ትምህርት ቤቱ ኬዮ የሚለውን የዘመን ስም የያዘው በ1868፣ በእርስ በርስ ጦርነት መካከል ነው። ተማሪዎቹ እስከ 18 ዝቅ ብለው ነበር። በኡኤኖ መድፍ ሲተኮስ እርሱ የአሜሪካዊውን የዌይላንድን የምጣኔ ሀብት መጽሐፍ ማስተማሩን አላቋረጠም። ውጊያው ራቅ ያለ ስለነበር ድርጊቱን ጀግንነት ማለት ያዳግታል፤ ይሁን እንጂ ጦርነት የትምህርት ደጅ ሲዘጋ ላየን የመቀሌ ተማሪዎች የዚያን ቀን ትምህርት አለመታጐል ቀላል ነገር አይደለም።

ቀደም ሲል የጃፓን ተማሪ ለመምህሩ እጅ መንሻ ያቀርብ ነበር። ፉኩዛዋ ማስተማርም እንደ ሌላው ሙያ ዋጋ የሚከፈልበት ሥራ ነው ብሎ በ1869 ቁርጥ ያለ የትምህርት ክፍያ ደነገገ። በእኔ ግምት ከመጻሕፍቱ ይልቅ ኬዮን ያቆመው ይህ ደንብ ነው። ደንቡ ግን ብቻውን አልበቃም። ከ1877ቱ የሳትሱማ ዐመፅ በኋላ ገቢው ሲመናመን፣ ከመንግሥት ነፃ መሆንን የሚሰብከው ሰው ራሱ ከመንግሥት ብድር ጠየቀ፤ አላገኘም። በ1880 ትምህርት ቤቱን ሊዘጋ ሲያስብ ምሩቃኑ በመዋጮ አተረፉት።

በ1890 የሥነ ጽሑፍ፣ የምጣኔ ሀብትና የሕግ ትምህርት የያዘ የዩኒቨርሲቲ ክፍል ተከፈተ። ፉኩዛዋ በ1901 ዐረፈ። ኬዮ በሕግ ዩኒቨርሲቲ የተባለው ከዚያ ወዲህ በ1920 ሲሆን፣ በሚትሱይ ንግድ ቤትና በመሳሰሉት ድርጅቶች የተሰማሩት ምሩቃኑ ስሙን ቀድመው አስጠርተውት ነበር።