ኢብኑል ሀይሠም፦ ከዐባይ ዳር እስከ ጨለማው ክፍል



ከመካነ ሰላም ደጋ ቁልቁል ሲወረድ የቦረና ምድር የሚያበቃው ዐባይ ላይ ነው። ይህ ወንዝ ከሺህ ዓመት በፊት ግብፅ ውስጥ የአንድ ታላቅ ሙስሊም ሊቅን ሕይወት አደጋ ላይ ጥሎ ነበር።

አቡ ዐሊ አል-ሐሰን ኢብኑል ሀይሠም በ354 ሂጅሪያ (965 እ.ኤ.አ.) ገደማ በኢራቅ፣ ባስራ ከተማ ተወለዱ። በሒሳብና በሥነ ፈለክ ስማቸው ገነነ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ የዐባይን ሙላት መግራት ይቻላል ማለታቸው ካይሮ ድረስ ተሰማ። የፋጢሚዮች ገዥ አል-ሓኪም አስጠርቷቸው ሠራተኛ ሰጥቶ ወደ ደቡብ ላካቸው። በመንገድ የጥንቶቹን ግብፃውያን ግንባታ ባዩ ጊዜ፣ ነገሩ የሚቻል ቢሆን እነዚህ ሰዎች በሠሩት ነበር ብለው አሰቡ። አስዋን አካባቢ ደርሰው ቦታውን ሲያዩትም እንዳሰቡት አልሆነም። ባዶ እጃቸውን ተመልሰው መሳሳታቸውን ተናገሩ። አል-ሓኪም ሰው ማስገደል የማይከብደው ገዥ ነበርና ለነፍሳቸው ሰጉ፤ እብድ መስለው ገዥው በ1021 እስኪሞት ድረስ ቤት ውስጥ ተዘግተው ቆዩ።

ከዚያ በአል-አዝሃር መስጂድ አጠገብ፣ ኪታብ እየገለበጡ በመሸጥ ኖሩ። በ430 ሂጅሪያ (1040 እ.ኤ.አ.) ገደማ ካይሮ ውስጥ አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው። ሰባት ክፍል ያለው ኪታቡል መናዚር የተሰኘው ሥራቸው ወደ ላቲን ተተርጉሞ በ1572 ባዝል ከተማ ታተመ።

ከእርሳቸው በፊት ብዙ ሊቃውንት ዓይን ጨረር እየላከ ያያል ይሉ ነበር። እርሳቸው ግን ብርሃን ወደ ዓይን ይገባል አሉ፤ የብርሃንንም ጠባይ በሙከራ መረመሩ። በአንድ ቀዳዳ ፊት ብዙ መብራቶች ደርድረው ወደ ጨለማው ክፍል የሚገባውን ብርሃን አዩ። አንዱን መብራት ሲከልሉ የእርሱ ብርሃን ብቻ ይጠፋል፤ ሲገልጡት ይመለሳል። ሌላም መሣሪያ ሠርተው ሰባት ዓይነት መስታወት ቀያየሩበት፦ አንድ ጠፍጣፋ፣ እንዲሁም በሉል፣ በሲሊንደርና በሾጣጣ ቅርጽ የተሠሩ ጎድጓዳና እብጥ መስታወቶች። መስታወቱ ቢለዋወጥም የብርሃኑ ሕግ አንድ ሆኖ ተገኘ። የበጥሊሞስን ስህተቶች የሚዘረዝር ኪታብም ጽፈዋል፤ እውነት ፈላጊ የቀደሙትን ብቻ ሳይሆን ራሱንም መጠርጠር እንዳለበት አስተምረዋል።

ላብራቶሪ ገብተን ፍሎረሰንስ ስንለካ የሚያስፈልገን ይኸው ነው። ፍሎረሰንስ አንድ ነገር ብርሃን ውጦ፣ ብዙ ጊዜ የሞገድ ርዝመቱ የረዘመ ሌላ ብርሃን ሲሰጥ ነው። አንዱን ናሙና እዚህ ለክተን አዲስ አበባ ወስደን ብንደግመው ቁጥሩ ፈጽሞ ሊለያይ ይችላል። ማሽኖቹ አልዋሹም፤ እያንዳንዱ የሚሰጠው በራሱ መለኪያ ነው። ስለዚህ፦

አንደኛ፣ ናሙና የሌለበትን ሟሟ በዚያው ዕቃ ለክቶ መቀነስ።

ሁለተኛ፣ ናሙና መያዣውን (ኩቬቱን) መመርመር። ተራ ብርጭቆና ፕላስቲክ ከ300 ናኖሜትር በታች ያለውን አልትራቫዮሌት ብርሃን በብዛት ይውጣሉ፤ አንዳንዱ ፕላስቲክ ራሱ ያበራል። ኳርትዝ ያሳልፋል። ብዙዎቹ ማሽኖች የሚያዩት በ90 ዲግሪ ስለሆነ አራቱም ጎኖች ጥርት ያሉ ይሁኑ፤ ሁለት ጎኑ የደበዘዘ ኩቬት አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ናሙናውን በግማሽ ማቅጠን። ብርሃኑም በግማሽ ካልቀነሰ ከመጠን በላይ ወፍሮ ብርሃኑን ራሱ እየዋጠው ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ እንደ ኪኒን ሰልፌት ያለ የታወቀ መመዘኛ በሁለቱም ማሽኖች ለክቶ፣ ውጤቱን ከእርሱ ጋር አነጻጽሮ መጻፍ።

ከሁሉም በላይ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንቀይር፤ መብራት እንደ መከለል ማለት ነው።

ሁለቱ ቁጥሮች አልገጥም ሲሉ ያልወደድነውን ሰርዞ ሪፖርቱን ማስረከብ ያጓጓል። ግን መዝገቡ አማና ነው፤ ነገ ያንን ቁጥር አምኖ ውሃ ወይም መድኃኒት የሚመረምር ሰው አለ። ኢብኑል ሀይሠም አንገታቸው ላይ ሰይፍ እያለ አልሆነም ብለው ተመልሰዋል። እኛ የምንፈራው ጥቂት ማርክ ነው።

አላህ የሚጠቅም ዒልም ይስጠን። ወሰላሙ ዐለይኩም።