የጋፋቱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር

ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ ጋፋት የሚባል ስፍራ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ስለ ሆነ ስሙን ያልሰማ ተማሪ አይገኝም። ዛሬ የምንጽፈው ግን ስለ መድፉ ሳይሆን፣ ከዚያ ሥራ ቤት ወጥቶ በባዕድ አገር ሁለት ታላላቅ ድርጅቶችን ስላቆመ ሰው ነው። ዘመኑን የምንቈጥረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ቴዎፍሎስ ዋልድማየር በ1832 በስዊስ አገር ተወለደ። በባዝል አጠገብ ባለው በቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት ወንጌልን ከእጅ ሥራ ጋራ ተምሮ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በ1859 የንጉሠ ነገሥቱን ባለሟል የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ ሱዛንን አገባ፤ እናቷ ኢትዮጵያዊት ነበረች።

የመጣው ሊሰብክና ሊያስተምር ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን እርሱንና ጓደኞቹን መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው። ሥራውን እንደማያውቁት ቢያመለክቱም ንጉሡ ምክንያታቸውን አልተቀበሉም፤ እሺ ብለው እስኪሞክሩ ድረስ አሽከሮቻቸውን አሰሩባቸው። ማሰሩን አናመሰግንም። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን የሚያስደንቅ ነው። አንዱ እቶን ሳይሳካ ቀረ፤ ሌላ ተሠራ። ከሰሉን የሚያከስል፣ ናሱን የሚሰበስብ፣ ወናፉን የሚነፋ፣ ይህን ሁሉ ሠራተኛ የሚያዝና የሚቀልብ ሰው ያስፈልግ ነበር። በዚህ ዓይነት ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል የሆነው ሴባስቶፖል ተሠርቶ፣ በ1867 መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በተራራና በገደል እየተጐተተ በ1868 መቅደላ ደረሰ። በጋፋት የሠራ ሰው እንግዲህ የተማረው አንድ ሙያ ብቻ አልነበረም፤ ምንም ከሌለበት ተነሥቶ ሥራ ማቆምን ነበር እንጂ።

በሚያዝያ 1868 ንጉሡ ሲሞቱ ዋልድማየር ከቤተ ሰቡ ጋራ ከአገር ወጣ። ከቤሩት በላይ ባለው በሊባኖስ ተራራ፣ ብሩማና በሚባል መንደር በ1873 ትምህርት ቤት ጀመረ፤ ኩዌከሮች የሚባሉት ክርስቲያኖችም በገንዘብ ረዱት። ዕድሜው ከስድሳ ካለፈ በኋላ ይህን ለሌሎች ትቶ አዲስ ሥራ ያዘ። በዚያ አገር የአእምሮ በሽተኞች በሰንሰለት ይታሰሩ ነበርና፣ ለእነርሱ ሆስፒታል ለማሠራት በአውሮፓና በአሜሪካ እየዞረ ገንዘብ ለመነ። በአስፉሪየ የተሠራው ሆስፒታል በ1900 ተከፈተ። በእርሱ ምክንያት የታሰሩት የጋፋት አሽከሮች ትዝ ብለውት ይሆን? እኛ እንደዚያ መገመት እንወዳለን።

ከጋፋት ባልደረቦቹ አንዱ ሞሪትዝ ሆል በኢያፋ ኖረ፤ የስመ ጥሩው ተዋናይ የፒተር ኡስቲኖቭ ቅድመ አያት እርሱ ነው።

በጋፋት ግን የተማሩት ፈረንጆቹ ብቻ አልነበሩም። የአገራችን ወጣቶችም እዚያው ፊደልና የእጅ ሥራ ይማሩ፣ በእቶኑም ዘንድ ይደክሙ ነበር። ዋልድማየር ሲሰደድ ገንዘብ የሚለምንበት ደጅ አገኘ። እነርሱ ግን ጌታቸው ሞቶ፣ መሳፍንቱ ለዘውድ ሲዋጉ፣ ለማን ያመልክቱ? የጐደላቸው ችሎታ ነው ለማለት አንደፍርም፤ ሥራቸውን የሚቀበል ደጅ ነው የጐደላቸው።

ዋልድማየር በ1915 ዐረፈ። ሆስፒታሉ እስከ 1982 ድረስ በሽተኞችን ሲያክም ኖሮ ተዘጋ፤ የብሩማና ትምህርት ቤት ዛሬም ያስተምራል።