አባ እንጦንስ ከእህል በፊት የተዋቸው ነገሮች



ዐቢይ ጾም ሲቃረብ ብዙዎቻችን የምንዘጋጀው በቅበላ ነው። ለሁለት ወር ያህል የምንለየውን ሥጋና ቅቤ አስቀድመን ለመጥገብ እንሽቀዳደማለን፤ ይህን የምጽፈው እኔም ከተሽቀዳዳሚዎቹ አንዱ ሆኜ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ግን ጥር 22 ቀን የመነኮሳትን አባት የአባ እንጦንስን በዓል ታከብራለች። ጾሙ ከየካቲት 1 ቀን በፊት ስለማይገባ ይህ በዓል በየዓመቱ ይቀድመዋል።

እንጦንስ በ251 እ.ኤ.አ. ግድም በግብፅ አገር ቆማ በምትባል መንደር ከባለጸጋ ክርስቲያኖች ተወለደ። ሃያ ዓመት ግድም ሲሆነው አባትና እናቱ ሞቱበት፤ ታናሽ እህቱን ይዞ ቀረ። ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ሲገባ፣ ጌታ ባለጸጋውን ጎልማሳ ሀብቱን ሸጦ ለድሆች እንዲሰጥ ያዘዘበት ወንጌል ሲነበብ ደረሰ። ለሌላ ሰው የተነበበ አልመሰለውም። የወረሰውን 300 አሩራ መሬት፣ በእኛ አገር ልክ ወደ ሁለት ጋሻ የሚሆነውን፣ ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ። ዕቃውንም ሸጦ ለድሆች አደለ፤ ለእህቱ ብቻ ጥቂት አስቀረ። ሌላ ቀን ግን ስለ ነገ መጨነቅን የሚከለክለውን ቃል ሰምቶ ያንንም ሰጠ፤ እህቱን ለታመኑ ደናግል አደራ አለ።

እዚህ ላይ ስደርስ ልቤ ወደ እህቲቱ ያደላል። ለእርሱም ቀላል አልነበረም። ገድሉን የጻፈው ቅዱስ አትናቴዎስ፣ አባ ሰላማን ለአገራችን ጳጳስ አድርጎ የሾመው አባት፣ ሰይጣን እንጦንስን ከፈተነበት ሐሳብ አንዱ የእህቱ ነገር እንደ ነበር ይነግረናል። እርሷም በስተርጅናዋ የደናግል መሪ ሆና ወንድሟ አይቷታል።

እንጀራና ጨው በቀን አንድ ጊዜ፣ ያውም ፀሐይ ከገባች በኋላ መብላት የመጣው ከዚህ ሁሉ ቀጥሎ ነው። ኋላም በፈረሰ ምሽግ ውስጥ ሃያ ዓመት ያህል ዘጋ። ወዳጆቹ በሩን ሰብረው ሲገቡ አልከሳም፣ አልወፈረምም።

በ311 እ.ኤ.አ. በመክሲሚኖስ ዘመን ክርስቲያኖች ሲሰደዱ፣ ሰማዕት ለመሆን ተመኝቶ ወደ እስክንድርያ ወረደ። እስረኞችን አገለገለ። ዳኛው መነኮሳት ከፍርድ ቤት እንዲርቁ ሲያዝ ሌሎቹ ተሸሸጉ፤ እርሱ ግን ልብሱን አጥቦ በማግሥቱ ዳኛው በሚያየው ከፍ ያለ ቦታ ቆመ። ማንም አልነካውም፤ አዘነ። ምኞቱ መልካም ነበር፤ ግን የራሱ ምኞት ነበር። ከመሬቱ ይልቅ ይህን መተው የከበደው ይመስለኛል። ስደቱ እስኪያልፍ እስረኞቹን ሲያገለግል ቆይቶ ወደ በአቱ ተመለሰ።

በመጨረሻ በቀይ ባሕር አጠገብ ባለው ተራራ ኖረ። እንጀራ የሚያመጡለት እንዳይደክሙ ስንዴ ዘራ፤ ለእንግዶቹ ደግሞ አትክልት ተከለ። በ356 እ.ኤ.አ. በ105 ዓመቱ ሲያርፍ ሀብቱ ልብሱ ነበር፤ ለአትናቴዎስ፣ ለጳጳሱ ለሰራፕዮንና ለሁለት ደቀ መዛሙርቱ አከፋፈለው። ሰዎች ሥጋውን በቤታቸው አስቀምጠው እንዳያከብሩት በስውር እንዲቀብሩት አዘዘ። ሁለቱ ደቀ መዛሙርትም ቀበሩት፤ ቦታውን ለማንም አልነገሩም።