ጆርጅ ደ ሄቬሲ፦ የውሃን መነሻ የመከታተያ ዘዴ ጀማሪ

በምዕራብ ሸዋ ከእጃጂ እስከ አምቦ የሚኖር ነዋሪ፣ ውሃ በከርሰ ምድር ሲያልፍ ከዐለት ማዕድን ይዞ እንደሚወጣ ከአምቦ ውሃ ያውቃል። ከዚሁ ዞን፣ ከጊንጪ አካባቢ ከፍተኛ ቦታዎች የሚነሣው የአዋሽ ወንዝም ወደ ስምጥ ሸለቆ ሲወርድ ጨዋማነቱ ይጨምራል። ጨው መኖሩን በመለኪያ ማወቅ ቀላል ነው፤ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ ግን ሌላ ምልክት ያስፈልጋል። በዚህ ዓይነት ምልክት የመጠቀምን ጥበብ የጀመሩት ሃንጋሪያዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ጆርጅ ደ ሄቬሲ ናቸው።

ሄቬሲ እ.ኤ.አ. በ1885 በቡዳፔስት ተወለዱ። በ1911 በማንችስተር በኧርነስት ራዘርፎርድ ቤተ ሙከራ ሲሠሩ፣ ራዲየም ዲ የተባለውን ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር እርሳስ ከተባለው ብረት ለይተው እንዲያወጡ ታዘዙ። ብዙ ደከሙ፤ አልተሳካላቸውም። ሊሳካም አይችልም ነበር፤ ራዲየም ዲ ራሱ የእርሳስ አይሶቶፕ፣ ማለትም በክብደት እንጂ በኬሚካዊ ጠባይ ከእርሳስ የማይለይ አቶም ነውና። ሄቬሲ ግን ነገሩን ገልብጠው ተመለከቱት፤ የማይነጣጠል ከሆነ እርሳሱ የሄደበትን ሁሉ አብሮ ሄዶ ያሳያል ማለት ነው። በ1913 በቪየና ከፍሪድሪሽ ፓኔት ጋር ይህንኑ በሙከራ አረጋገጡ። የተከራዩበት ቤት እመቤት የትናንቱን ትራፊ መልሳ እንደምታቀርብ ጠርጥረው፣ በምግቡ ጥቂት ጨረር አመንጪ ነገር ጨምረው እንደ ደረሱባትም ይነገራል።

በ1923 እርሳስ በባቄላ ተክል ውስጥ የሚያደርገውን ጉዞ በዚሁ ዘዴ ተከታተሉ። በ1934 ደግሞ ከኤሪክ ሆፈር ጋር፣ ከባድ ሃይድሮጂን ያለበትን ውሃ ተጠቅመው ውሃ በሰው አካል ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆይ ለኩ። የ1943ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አግኝተው፣ በ1966 በፍራይቡርግ ከተማ አረፉ።

በወንዝ ጥናት ወደ ውሃው ምንም መጨመር አያስፈልግም፤ ከባድ ሃይድሮጂንና ከባድ ኦክስጅን በተፈጥሮ በማንኛውም ውሃ ውስጥ በጥቂቱ ይገኛሉ፤ ጨረርም አያመነጩም። ናሙናው እንዳይተን በጥብቅ በተከደነ ጠርሙስ ተወስዶ በቤተ ሙከራ ይመረመራል። ውሃ ሲተን ቀላሉ ቀድሞ ስለሚሄድ ከባዱ ይበረክታል። ስለዚህ ጨውና ከባድ አይሶቶፕ አብረው ከጨመሩ ምክንያቱ ትነት ነው፤ ጨው ብቻውን ከጨመረ ግን ከዐለት የሟሟ ወይም ከማዕድናማ ምንጭ የገባ መሆኑን ያመለክታል።

ልዩነቱ በመተሐራ አቅራቢያ ባለው በበሰቃ ሐይቅ ጉዳይ ከባድ ክብደት አለው። በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ይህ ጨዋማ ሐይቅ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ የግጦሽ መሬትና የእርሻ ማሳ ውጧል፤ ውሃውም በቦይ ወደ አዋሽ ይለቀቃል። ምክንያቱ የመስኖ ትርፍ ውሃ ከሆነ መታረም ያለበት የመስኖው አጠቃቀም ነው፤ ከስር የሚፈልቅ ፍል ውሃ ከሆነ ግን መስኖን ማስተካከል ብቻውን አያግደውም። የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች የሐይቁን፣ የፍል ውሃውንና የወንዙን አይሶቶፕ ያነጻጸሩት ይህን ለመለየት ነው። ለንጽጽሩ መነሻ የሚሆነው የዝናብ ውሃ መዝገብ በአዲስ አበባ መያዝ የጀመረው በ1961፣ ሄቬሲ ገና በሕይወት ሳሉ ነበር።